«ያለ አይልትስ»

ከቦሌ እስከ አራት ኪሎ በሕንፃዎች ደረጃ፣ በቴሌግራም ቻናሎች፣ አንዳንዴም በሚኒባስ ጀርባ የምታዩት ማስታወቂያ አለ። «ያለ አይልትስ! ያለ ባንክ ስቴትመንት! ለመስከረም ይድረሱ!» ይላል። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር የማነበው እንደ ገዢው ሳይሆን እንደ ጻፈው ሰው ነው። በእኛ ሙያ «ያለ» የምትለዋ ቃል ውድ ናት። ያለ ስኳር፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ። ዕቃው ምን እንዳለው አትናገርም፤ የምትናገረው ገዢው ምን እንደሚፈራ ነው። ልጁን ውጭ አገር ለማስተማር ያሰበ ቤተሰብ ደግሞ ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚፈራው ይህንኑ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው።

በዚህ ወር ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ ማስታወቂያው ዋጃ መድረሱ ነው። ዋጃን የማታውቁ ካላችሁ ከወልድያ ተነስታችሁ በመቀሌው መንገድ ቆቦን ስታልፉ፣ አላማጣ ሳትደርሱ የምታገኟት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ማሽላና ጤፍ የሚበቅልባት፣ ፀሐይዋ የማትቀልድባት አገር። አክስቴ እዚያ ትኖራለች። ልጇ ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃለች፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ካመለከተችባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ቅድመ ሁኔታ ያለው ቅበላ ላከላት። ቅድመ ሁኔታው አንድ መስመር ነበር፤ «አይልትስ 6.5፣ በየትኛውም ክፍል ከ6.0 ያላነሰ»። በዚያው ሳምንት አንድ «ኤጀንት ነኝ» የሚል ሰው ስልክ ደውሎ ያለ ምንም ፈተና እንደሚጨርስላት ነገራት። የጠየቀው ገንዘብ ጥሩ የእርሻ በሬ ጥንድ ይገዛል።

አክስቴ ያኔ ደውላ የጠየቀችኝን ጥያቄ ብዙ የአዲስ አበባ ወላጅም ይጠይቃል። «ይቺ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስትማር አልኖረችም እንዴ ልጄ? ያወቀችውን ለማሳወቅ ደግሞ ይከፈላል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከነፃነት በፊት በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ገኖ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዞች ከድሉ ጋር ሲገቡ ቋንቋቸውም ገባ። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ መንግሥት ቢለዋወጥም ይህ አልተለወጠም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አንደኛ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ሰጥቶ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያለውን ለእንግሊዝኛ ተወው። ስለዚህ አንድ የዋጃ ልጅ ከ9ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም፣ ሒሳቡንም በወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ተምሯል።

ችግሩ «በወረቀት ላይ» የሚለው ነው። በራያ ሰፈር አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ የራያ ኦሮምኛም አለ። እንግሊዝኛ ለብዙ ልጅ ሦስተኛ፣ ለአንዳንዱም አራተኛ ቋንቋ ነው። መምህሩ ኖቱን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ማብራሪያውን ተማሪው በሚሰማው ቋንቋ ይሰጣል፣ ፈተናው ደግሞ በምርጫ ይመጣል። ይህ የዋጃ ብቻ ጉድ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥም በዚሁ መንገድ የተማርን ብዙ ነን። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ የሚፈተኑት በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋቸው መሆኑን ሳይጠቅሱ ስለ ውጤቱ ማውራት አይቻልም።

በውጭ ያሉት ደግሞ ይህን ሁሉ ዝርዝር አያዩም። የእንግሊዝ መንግሥት ዜጎቻቸውን ከቋንቋ ማስረጃ ነፃ የሚያደርግላቸው አገሮች ዝርዝር አለው። ጃማይካ አለች፣ ማልታ አለች፤ ኢትዮጵያ የለችም። ናይጄሪያና ጋናም የሉም፤ በቅኝ ግዛት ዘመን እንግሊዝኛን በግድ የተማሩት ሳይቀሩ ማለት ነው። የእነሱ ዕድል ሌላ ነው፤ ብዙ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የምዕራብ አፍሪካን የሁለተኛ ደረጃ ፈተና የእንግሊዝኛ ውጤት እንደ ማስረጃ ይቀበሏቸዋል። የእኛ 12ኛ ክፍል ውጤት እንዲህ ያለ ስም ገና አላገኘም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አይልትስ አራት ክፍል አለው፤ ማዳመጥ፣ ንባብ፣ ጽሑፍና ንግግር። እያንዳንዱ ከ9 ይታረማል፤ የአራቱ አማካይ ወደ ቅርቡ ግማሽ ይጠጋጋል። አንድ ልጅ በማዳመጥ 6.5፣ በንባብ 6.5፣ በንግግር 6.5፣ በጽሑፍ 5.5 አመጣ እንበል። ድምሩ 25፣ አማካዩ 6.25 ነው፤ ሲጠጋጋ 6.5 ይሆናል። ቤት ውስጥ እልልታ! ዩኒቨርሲቲው ግን «በየትኛውም ክፍል ከ6.0 ያላነሰ» ብሎ ነበር፤ ጽሑፉ 5.5 ነው። ቅበላው አልጸናም። ክፍያው እንደገና፣ ጉዞው እንደገና። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ደብዳቤ ስታነቡ ከትልቁ ቁጥር ቀጥሎ ያለችውን ትንሿን ሐረግ ፈልጉ። በየዓመቱ በሚወጡት የዓለም አማካይ ውጤቶችም ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጽሑፍ ክፍል ነው። አንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጽሑፍ፣ አንዱ ቢያንስ 150 ቃል፣ ሌላው 250። በምርጫ ፈተና ያደገ ልጅ አስተያየቱን በአራት አንቀጽ አስረዳ ሲባል እጁ ይያዛል። ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ የመተየብ ፍጥነትም ውጤት ነው።

እዚህ ላይ የመዲናችንን ወላጆች ትንሽ ልቆጣ። «የእኔ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማረው፣ ፈተናው ቀልድ ነው» የሚል አባት በየቢሮው አለ። ልጁ እንደ ዩቲዩብ ሰው ያወራል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ንግግሩ 8 ሆኖ ጽሑፉ 5.5 የሚሆንበት አጋጣሚ አለ፤ ያወራል እንጂ ጽፎ አያውቅምና። የአክስቴ ልጅ ተቃራኒው ነበረች። ሰዋስዋ የተጠናከረ፣ ንባቧ ጥሩ፤ እኔ ቢሮ መጥታ በኮምፒውተሬ ነፃውን የሙከራ ፈተና ስትሞክር ግን ማዳመጡ 5.0 ሆነ። የስኮትላንድ ሰው ስለ ቤት ኪራይ ሲያወራ የሰማችው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ማስረጃው ከዓለም ዳር የመጣን ልጅ ጆሮ ይለካል፤ ጆሮ ደግሞ የሚለመደው በመስማት እንጂ በኖት አይደለም።

ታዲያ «ያለ አይልትስ» ውሸት ነው? ውሸት አይደለም። ጉዱ ያለው እዚህ ነው፤ ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የሚሸጥላችሁ ግን በነፃ የምታገኙት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ነገር ከተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ የሚወጣ የማስተማሪያ ቋንቋ ደብዳቤ ነው። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ ሬጅስትራሩ «እገሊት ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በዚህ ትምህርት ክፍል ስትማር የማስተማሪያና የፈተና ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር» ብሎ በተቋሙ አርማ፣ በፊርማና በማኅተም ይጽፋል። በቻይና፣ በሕንድ፣ በሃንጋሪ፣ በጣሊያን፣ በእንግሊዝም ሳይቀር ይህን የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሁሉም አይቀበሉም፤ አንዱ ትምህርት ክፍል ተቀብሎ እዚያው ግቢ ያለው ሌላው ላይቀበል ይችላል። ደብዳቤው ላይ የቢሮው ስልክና የተቋሙ ኢሜይል ይኑር፤ የውጭዎቹ «እውነት እናንተ ጻፋችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ መልስ ካጡ ፋይሉን ይዘጉታል። አንድ ሰው ለዚህች ወረቀት የበሬ ዋጋ ከጠየቃችሁ በትክክል ምን እንደሚሸጥ አሁን ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ሌላ ፈተና ነው። ቶፍል ያው ፈተና ነው፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የአሜሪካኖቹ ነው። ዱዎሊንጎ ግን ነገሩን ለውጦታል፤ ቤት ተቀምጦ በራስ ኮምፒውተር የሚወሰድ፣ አንድ ሰዓት አካባቢ የሚፈጅ፣ ውጤቱ በቀናት ውስጥ የሚደርስ፣ ዋጋውም ከሁለቱ በእጅጉ ያነሰ። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል። ችግሩ የእኛ ቤት ነው። ካሜራው ሙሉውን ሰዓት ያያችኋል፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መግባት የለበትም። «ቡናው ደረሰ» ብላ በር የምትከፍት እናት ፈተናውን ልታሰርዝ ትችላለች። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ የዋጃዋ ልጅ ከቦሌው እኩል አይደለችም። ክፍያውም በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ ያለው ዘመድ መፈለግ የተለመደ ሆኗል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚተመን ነገር ሁሉ በብር ሲሰላ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሦስተኛው የቋንቋ ዓመት ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ነጥቡ ያነሰውን ተማሪ ተቀብለው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ለሳምንታት ወይም ለወራት እንግሊዝኛ ያስተምሩታል። ይህ «ያለ አይልትስ» ውድ ነው፤ የኮርሱ ክፍያና የኑሮው ወጪ ከፈተናው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሌላም መልክ አለው። የቱርክ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል እንግሊዝኛ ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ ትምህርቱ በቱርክኛ ከሆነ ግን አንድ ዓመት ቱርክኛ ተምራችሁ ፈተናውን ማለፍ አለባችሁ። በቻይንኛ ለሚሰጡት የቻይና ትምህርቶችም እንዲሁ ነው። ከአንድ ፈተና የሸሸ ሰው አንድ ሙሉ ቋንቋ ይጠብቀዋል። እኔ በበኩሌ ክፋት አላየሁበትም፤ ቱርክኛ የሚችል የሽያጭ ሠራተኛ ለመቅጠር ድርጅታችን ስንት ወር እንደፈለገ አውቃለሁ። ግን ማስታወቂያው ይህን ቢጽፍ ምን ነበረበት?

ከቅበላው በኋላ ደግሞ ቪዛው አለ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አውስትራሊያ ለተማሪ ቪዛ የምትጠይቀውን ዝቅተኛ የአይልትስ ነጥብ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ከ5.5 ወደ 6.0 ከፍ አድርጋለች፤ ዩኒቨርሲቲው ቢምራችሁ እንኳ ቪዛው አይምርም ማለት ነው። በእንግሊዝ ለዲግሪና ከዚያ በላይ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተማሪውን ደረጃ መዝኖ ማረጋገጫ መስጠት ይችላል፤ ለዚህ ነው ደብዳቤው እዚያ የሚሠራው። አሜሪካ ለቪዛው የፈተና ወረቀት አትጠይቅም፤ ነገር ግን መስኮቱ ላይ ያለው ቆንስላ የሚያወራችሁ በእንግሊዝኛ ነው። በሰው እጅ ማመልከቻ ተጽፎላት፣ ስለምትማረው ትምህርት ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃታት ልጅ እዚያ ምን እንደምትሆን አስቡት።

ከሁሉ የከፋው አራተኛው ዓይነት ነው፤ «ሰርተፊኬቱን እናወጣልዎታለን» የሚለው። ውጤት በኢንተርኔት በቁጥሩ ይጣራል፤ የተሠራ ወረቀት ዕድሜው አጭር ነው። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ ጋዜጠኞች እንግሊዝ ውስጥ ለቪዛ በሚሰጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ እንደሚፈተንላቸው በድብቅ ካሜራ አሳዩ። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከ33 ሺህ በላይ ውጤቶችን ውድቅ አደረገ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ቪዛቸው ተሰረዘ፣ የተባረሩ፣ የታሰሩም ነበሩ። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር በ2019 ባወጣው ሪፖርት በትክክል የተፈተኑ ሰዎችም አብረው ሳይጎዱ እንዳልቀሩ ጠቁሟል። ስማቸውን ለማጥራት ዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለሱ አሉ። አንዱ የገዛው ወረቀት ሌላው በላቡ ያመጣውን ያስጠረጥራል።

የአክስቴ ልጅ ምን አደረገች? ኤጀንቱን ተወችውና ለዩኒቨርሲቲው የቅበላ ቢሮ በራሷ ኢሜይል ጻፈች፤ አምስት መስመር። «የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሬጅስትራር ደብዳቤ ትቀበላላችሁ ወይ?» በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ለቅበላው ይበቃል፤ ላመለከተችበት ነፃ የትምህርት ዕድል ግን የፈተና ውጤት ግድ ነው። ያለ ዕድሉ ደግሞ መሄድ የለም። ስለዚህ ደብዳቤውም ፈተናውም አስፈለገ።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጦርነቱ የደረሰበትን ጉዳት ሁላችሁም ሰምታችኋል። እሷም እንደ እኩዮቿ ዓመታት ባክነውባታል፤ በራያ በኩል ስልክና መብራት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ ስታነሳ ድምፅዋ ይለወጣል። ትራንስክሪፕቱና ደብዳቤው በሁለት ምልልስ ተገኘ። ለፈተናው አዲስ አበባ እኔ ጋ መጣች። ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ ያውም መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በስልኳ ቢቢሲን ሰማች፤ ማታ ማታ አንድ ጽሑፍ በሰዓት ጻፈች፤ እኔ ከሥራ ስገባ በቀይ አረምኩ፤ ያልገባኝን አብረን ፈለግን። ኮርስ አልከፈልንም። ከፈተና ሰጪዎቹ ድረ ገጽ ላይ ያሉት ነፃ ናሙናዎች ለእሷ በቁ። ንባብ 7፣ ማዳመጥ 6.5፣ ንግግር 6.5፣ ጽሑፍ 6። አማካዩ 6.5፤ ትንሿም ሐረግ ተሟላች።

ለአክስቴ ውጤቱ ሁለት ዓመት ብቻ እንደሚያገለግል ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ቋንቋም እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፍበታል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገር ግን ይህች የሁለት ዓመት ጉዳይ ለበጀታችሁ ትልቅ ነገር ናት። ልጃችሁ ገና ሦስተኛ ዓመት ላይ እያለ «ይቅደም» ብላችሁ ካስፈተናችሁት ሊመረቅና ሊያመለክት ሲደርስ ወረቀቱ አርጅቶ ይጠብቃችኋል። ዘግይታችሁም እንደሆነ ችግር ነው። የእንግሊዞቹ ቼቭኒንግ ክረምት ላይ ተከፍቶ ጥቅምት አካባቢ ይዘጋል፤ እሱ ራሱ ሲያመለክቱ ፈተና አይጠይቅም፤ የመረጣችሁት ዩኒቨርሲቲ ግን ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ማመልከቻ ይቀበላሉ፤ የቋንቋ ማስረጃውንም ብዙዎቹ ከማመልከቻው ጋር ይፈልጉታል። ስለዚህ ፈተናው ቢበዛ ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ ቢወሰድ፣ አንድ ክፍል ቢጎድል እንኳ ለመድገም ጊዜ ይኖራል።

ለአሜሪካ ለምታስቡ፣ በኤምባሲያቸው በኩል የሚሠራው ኤዱኬሽንዩኤስኤ ምክር የሚሰጠው በነፃ ነው፤ አቅም ለሌላቸው ጎበዝ ተማሪዎች የፈተናና የማመልከቻ ወጪ የሚሸፍን ፕሮግራምም ነበረው። የሬጅስትራሩን ደብዳቤ ደግሞ ሐምሌ ሳይገባ ጠይቁ። በክረምት ፈራሚው ዕረፍት ይወጣል፤ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያም ቁልፉ እሱ ጋ ነው።